ደብተሩ በማይክ ተጠርቶ ይሰጥ?

ጥያቄው፦ እዚሁ ድሬ፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም የታደለው በጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። ልጆቹ ስማቸው በማይክ እየተጠራ ወጡ፤ ፎቶም ተነሱ። ልክ ነው ትላላችሁ?

የገንደ ቆሬው ባለ ባጃጅ፦ አቦ፣ የሚያሳፍረው ደብተር አጥቶ ከትምህርት መቅረት ነው! ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አውቀዋለሁ። በግልጽ ካልተሰጠ ደግሞ ዕቃው መንገድ ላይ ይቀራል።

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። እኔም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበርኩ። አንዷ ልጅ ስሟ ሲጠራ አልወጣችም። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ያደረገችው ግን ኮንጎ ጫማ ነው፣ ክር የለውም። ደግመው ሲጠሯት ወጥታ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። በፊት ግን ማንም አይቀድማትም ነበር።

ሳይኮሎጂ የተማረው የከዚራ ልጅ፦ በዚህ ላይ የታወቀ ጥናት አለ። አሜሪካዊው ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ሰው ለራሱ ያለውን ግምት የሚለካ 10 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አወጣ፤ ዛሬም ይሠራበታል። በ1978 ደግሞ ከሊዮናርድ ፐርሊን ጋር ሌላ ጥናት አሳተመ። በትንንሽ ልጆች ዘንድ የቤተሰብ ኑሮና ለራስ ያለ ግምት የሚገናኙ አልሆኑም። በጎረምሶች ላይ ትንሽ ታየ፣ በአዋቂዎች ላይ በረታ። ትንሽ ልጅ ራሱን የሚያስተያየው ከሰፈሩ ልጆች ጋር ነዋ! እነሱም እንደሱው ናቸው። ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ የሚያባርር ልጅ ደሀ መሆኑ ትዝ አይለውም። እኛ ነን በማይክ የምንነግረው።

ባለ ባጃጁ፦ እሱ የአሜሪካ ነው። እዚህ የኔ ልጅና የነጋዴ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ማይክ ባይኖርም ምሳ ዕቃው ሲከፈት ያየዋል።

መምህርቷ፦ ያየዋል፣ አልክድም። ግን ልጅ በዓይኑ ያየውና መምህሩ በሰልፍ ፊት ያወጀበት አንድ አይደለም። ዕቃው በወላጅ ኮሚቴ ፊት ይቆጠር። ወላጅ ፈርሞ ይውሰድ። ልጁ በማግስቱ እንደማንም ቦርሳውን አንግቶ ይምጣ።

ባለ ባጃጁ፦ ፊርማ ካለ እኔም እስማማለሁ፣ እህቴ። ወላጅ የሌላቸውስ? ማን ይፈርምላቸዋል?

መምህርቷ፦ እኔ።