ለእናቴ የቱሪስት ቪዛ ፎርም ስሞላ የትውልድ ዓመቷ አልገጥም አለኝ

የኮዬ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እንኳ ውጭ አይደለሁም፤ ከእናቴ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እዚህ ግሩፕ ያስገባችኝ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፣ እማዬ መጥታ እንድታርሳት ትፈልጋለች። ዲኤስ 160 የሚባለውን የአሜሪካ ፎርም ኦንላይን መሙላት ከጀመርኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሃያ ደቂቃ ካልነኩት ራሱን ይዘጋል። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ከሄደ በሃያ ደቂቃ አይመለስም። የማመልከቻውን ቁጥር ደብተር ላይ ጽፌ ይዣለሁ፤ ግን ልከፍተው ስል የአያቷን ስም የመጀመሪያ አምስት ፊደላትና የትውልድ ዓመቷን ይጠይቀኛል። በየትኛው ዓመት እንደጀመርኩት ጠፋኝ።

ጣጣው ያው ዓመቱ ነው። እማዬ የምታውቀው የጃንሆይ ኢዮቤልዩ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት መወለዷን ነው። 1950 መሆኑ ነው፣ በእኛ። ፓስፖርት ስታወጣ ዓመቱን ብቻ ስለተናገረች ጃንዋሪ 1 ቀን 1958 ተብሎ ወጣላት። እህቴ ደግሞ ያኔ ዲቪ ደርሷት የወላጅ ዝርዝር ስትሞላ፣ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ 1950ን ሳይቀይር እንዳለ አስገብቶታል። አሁን የፓስፖርቱን ብጽፍ ከእህቴ ፋይል ጋር ስምንት ዓመት ይለያያል። ዋሽታችኋል ይሉናል ወይ?

ደግሞ "የጎሳ አባል ነህ ወይ" የሚል ጥያቄ አለበት። ምን ልበል?

አስተዳዳሪ፦ የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም እንዳይመልስ። ባለፈው የሆነውን አልረሳንም።

ካልጋሪ ነኝ፦ ወንድሜ፣ ሲስተሙን ማወቅ ነው ዋናው። እኛ ካናዳ ማመልከቻው 100 ዶላር፣ አሻራው 85 ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሱፐር ቪዛ ነው። ለወላጅና ለአያት ብቻ የሚሰጥ ሲሆን አንዴ ከገቡ እስከ 5 ዓመት ይቆያሉ። ልጅየው ገቢው የተቀመጠውን መጠን ማሟላት አለበት፣ ቢያንስ የ100 ሺህ ዶላር የሕክምና ኢንሹራንስም ይገዛል። እኔ ለእናቴም ለባለቤቴ እናትም ጨርሻለሁ። ደረጃ በደረጃ ልጽፍልህ እችላለሁ።

ሌሊት ሹፌር፦ ጋሼ፣ ልጁ የጠየቀው አሜሪካን ነው።

ካልጋሪ ነኝ፦ ማወቅ አይጎዳም ብዬ ነው።

ሌሊት ሹፌር፦ የኮዬ ልጅ፣ ስማኝ። ፎርሙ ላይ ፓስፖርቱ ያለውን ነው የምትጽፈው፤ ሌላ ቀን የለም። በልቧ የምታውቀው ኅዳር 21 ቀን 1950 ወደ ፈረንጁ ሲመለስ ኖቬምበር 30 ቀን 1957 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ነው የሚጨመረው፣ ከዚያ በኋላ ነው 8 የሚሆነው። ፓስፖርት ሲሠራ 8 ስለጨመሩበት 1958 ሆነ። ግን አሁን እሱን ለማረም ብትነሳ ፓስፖርቱ እስኪወጣ ሕፃኑ በእግሩ ይሄዳል።

ሌላው፣ 214ቢ ስለሚባለው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ ለእናትህ አስረዳት። ቆንስሉ እያንዳንዱን አመልካች "ይህ ሰው ሊቀር ነው" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ተመላሽ መሆኗን የምታሳምነው እሷ ናት። እህትህ የባንክ ደብተሯንና የግብዣ ደብዳቤዋን ብታስታቅፋት ብዙ አይጠቅማትም። የሚመዝነው እዚያ ያላት ነገር ነው፦ ቤቷ፣ ጡረታዋ፣ አንተ ራስህ። 185 ዶላሩ ደግሞ ቢከለክሏትም አይመለስም።

የኮዬ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። 185ቷ ናት ያስጨነቀችኝ። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እህቴ እኔ እከፍላለሁ ትላለች፣ እማዬ ግን "ከማይመለስ ገንዘብ ለልጁ ልብስ ግዢበት" አለች።

እትዬ ሚኒሶታ፦ እናትህን ሳልለምን አልቀርም፣ ይሂዱላት። እኔ የመጀመሪያዬን የወለድኩት በጃንዋሪ ነው፣ በረዶው መስኮቱን ሸፍኖት። ባሌ ሥራ ገብቶ ሕፃኑን ታቅፌ አለቀስኩ፤ ገንፎ አማረኝና ጎረቤቴ ኦትሚል አመጣችልኝ። እናቴን ሁለት ጊዜ አስመዝግቤ ሁለቴም ከለከሏት። ከዚያ በኋላ በየወሩ የምልክላትን ብር ከፍ አደረግሁ፣ ምን ላድርግ። ለቀብሯም አልደረስኩም። ብሩ ደርሷል።

ቦስተን ሰባተኛ ዓመቴ፦ እትዬ ነፍስ ይማር። የኮዬ ልጅ፣ አንድ ምክር ልስጥህ። አራስ ልታርስ እንዳትል፤ "ለጉብኝት" በል፣ ዋሽንግተንን ልታይ ነው በል። ሕፃን ልታሳድግ ነው ካልክ ሥራ ልትሠራ ነው ይሉሃል።

ሌሊት ሹፌር፦ ይህን ምክር አትስማው። ልጅን መጠየቅ ራሱ የቱሪስት ቪዛ ምክንያት ነው። እናትየው ውሸት አጥንተው መስኮቱ ጋ ሲጠየቁ ይደናገጣሉ። "ዋሽንግተን ምን ልታዪ ነው?" ሲሏቸው ምን ይላሉ? ደግሞ የተያዘ ውሸት ከተራ ክልከላ ይብሳል፣ ዕድሜ ልክ ሊዘጋባቸው ይችላል።

ቦስተን ሰባተኛ ዓመቴ፦ አንተ መቼ አመልክተህ ታውቃለህ? አውቃለሁ ባይ። እውነቱን እንነጋገርና፣ እናቶቻችንን የምናመጣቸው ናፍቀውን ነው? የቀን ሕፃን ማቆያ ስለተወደደ ነው። አንዲት አሮጊት ከሰው ርቃ ሦስት ወር ቤት ተቆልፎባት ዳይፐር ትቀይራለች።

እትዬ ሚኒሶታ፦ አፍህን ሰብስብ። የእኔ እናት ብትመጣ እጇን ውሃ ላይ አላስነካትም ነበር።

ቦስተን ሰባተኛ ዓመቴ፦ እትዬ፣ እርስዎን አይደለም።

ካልጋሪ ነኝ፦ የቦስተኑ ልጅ ያነሳው ነገር እውነት አለው። የእኔ እናት አንድ ክረምት ካየች በኋላ "ቤተ ክርስቲያኑ በእግር አይደረስም፣ ጎረቤት ቡና አይጠራም፣ መልሱኝ" ብላ ተመለሰች። ቪዛው ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር።

ሌሊት ሹፌር፦ አራት ዓመት! እኛ ጋ ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሰጠው የሦስት ወር፣ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። የኮዬ ልጅ፣ ይህን ልብ በል። ሦስት ወሩ የሚቆጠረው ቪዛው ከተሰጠበት ቀን ነው፣ መግቢያ ጊዜ ነው እንጂ መቆያ አይደለም። ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚወስነው ኤርፖርት ያለው ኦፊሰር ነው። ስለዚህ ቀጠሮው በጣም ከቀደመ እህትህ ሳትወልድ ቪዛው ሊያልፍባት ይችላል። የምትወልደው መቼ ነው?

ቦስተን ሰባተኛ ዓመቴ፦ እኔ ያልኩትን ግን ማንም አልመለሰም። በሰዓት ቢከፈላቸው ስንት ይሆን ነበር?

እትዬ ሚኒሶታ፦ አስተዳዳሪ የለም እንዴ እዚህ?

የኮዬ ልጅ፦ መብራት መጣ። በ1958 ሞከርኩት፣ እምቢ አለ። በ1950 ተከፈተ። ለካ እኔም እንደ ኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው የጀመርኩት። ስላላስገባሁት አስተካክዬዋለሁ። የእህቴ ፋይል ላይ ያለው 1950ስ? እሷ ነች ማሳረም ያለባት ወይስ እማዬ ቃለ መጠይቁ ላይ ታስረዳ? ከኮዬ እንጦጦ መንገድ ድረስ በጠዋት ተነስታ ሄዳ በዚህ ቢመልሷት ያሳዝነኛል። የምትወልደው በጥር ነው።

ካልጋሪ ነኝ፦ በእኛ ጥር ወይስ በፈረንጅ?