የልብ ትርታ ቆጠራ የተግባር ፈተናዬን ሁለት ጊዜ ጣለብኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ሲሆን፣ የነርስ ረዳትነት ሥልጠናዬን ጨርሼ የጽሑፍ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ያለፍኩ ብሆንም፣ የተግባር ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ከተፈቀዱት ሦስት ሙከራዎች የቀረኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ካመለጠኝ ሥልጠናውን እንደገና ከፍዬ መጀመር ይኖርብኛል።

እጅ መታጠብም ሆነ በሽተኛን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማዛወር አያስቸግረኝም፤ እናቴን ለዓመታት ያስታመምኩ ሰው ነኝና። የሚጥለኝ የልብ ትርታ ቆጠራ ነው። የእጅ አንጓ ላይ ጣቶቼን አሳርፌ አንድ ሙሉ ደቂቃ ከቆጠርኩ በኋላ የምጽፈው ቁጥር ከፈታኟ ቁጥር ከአራት በላይ መራቅ የለበትም፤ የእኔ ግን በሁለቱም ጊዜ በብዙ አንሶ ተገኘ። እንደገመትኩት ጥፋቱ በአማርኛ መቁጠሬ ነው፤ «ስድሳ ስምንት» ብዬ ሳልጨርስ ቀጣዩ ትርታ ያልፋል። በእንግሊዝኛ ስሞክር ደግሞ ሃምሳ ላይ ይምታታብኛል።

ይህን ፈተና ያለፋችሁ እህትና ወንድሞች፣ አቆጣጠራችሁ እንዴት ነበር? አሥር በአሥር እየከፈሉ በሌላ እጅ ጣት መያዝስ ይፈቀዳል? ፈተናዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ቶሎ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።