ክርክር፦ በጓሮ ራሱ የበቀለ ሁሉ ይነቀል?

ጠያቂዋ፣ ከአዳማ
የሰፈራችን ኮሚቴ በየግቢው ያልተተከለ ነገር ሁሉ እንዲታጨድ ደንብ ሊያወጣ ነው። ምክንያቱ የወባ ትንኝ ነው። እኔ ጓሮዬ ላይ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ቃሪያና ዱባ አለኝ። በአጥሩ በኩል ግን ራሱ የበቀለውን ትቼዋለሁ። አሉማ አለ፣ ዳማከሴ አለ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ቢጫ አበቦችም አሉ። እንዲህ ዓይነት ደንብ ያስፈልጋል ትላላችሁ? እኔ አልተዋጠልኝም።

የሰፈር ኮሚቴ አባል፣ ከሞጆ
ያስፈልጋል እህቴ። ልጆች እዚያው ይጫወታሉ። እባብ አለ። ደግሞ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ መሬት ለአረም መተው ለእኔ ብክነት ነው። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር እኮ የተባልነው ያለንን መሬት እንድንጠቀምበት ነው። ያ ጥግ ሁለት መደብ ሽንኩርት ይይዛል።

ንብ አርቢ፣ ከደሴ
ወንድሜ፣ የሌማት ትሩፋት ውስጥ ማርም አለ። ንቧ ከምን ትቅሰም? እኛ ጋ ዋናው ማር የሚቆረጠው አደይና መች ካበቡ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ሁለቱንም የሚተክል የለም፣ ራሳቸው ነው የሚበቅሉት።
የእህታችንን ዱባም አስቡት። ወንዱና ሴቷ አበባ ለየብቻ ናቸው። ንብ ካልመጣ ፍሬው ጣት አክሎ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ሰው ግን «ዱባዬን በሽታ መታው» ብሎ መድኃኒት ይረጫል፣ የቀረችውንም ንብ ይገድላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የጤና ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ
የወባው ምክንያት ቦታውን ስቷል። ትንኝ ቀን ቀን ቅጠል ውስጥ ልታርፍ ትችላለች። እንቁላሏን የምትጥለው ግን ውሃ ላይ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነው። እሷ የምትራባው በበርሜል፣ በታንከርና በግንባታ ጉድጓድ ውሃ ነው። በ2022 እኛ ከተማ የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከእሷ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ኮሚቴው በየግቢው ሲዞር ማጭዱን ትቶ አትክልት የሚጠጣበትን በርሜል ክዳን ይይ። አጥር ሥር ያለ አሉማ ወባ አያመጣም።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ከመልካሳ
በዚህ እስማማለሁ፣ ግን «የበቀለው ሁሉ ይቆይ» የሚለውንም አልቀበልም። እናንተ አካባቢ ቅንጨ አረም አለ፣ ፓርቴኒየም የሚባለው። በበቀለ በአንድ ወር ገደማ ያብባል፣ አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ሳያብብ፣ ጓንት አድርጎ ከነሥሩ መንቀል ነው። እሱ ላይ ምሕረት የለኝም።
አስተናግርም እንዲሁ። ዘሩ መርዝ ነው፣ ልጅ ባለበት ግቢ መኖር የለበትም። ከዚህ በላይ ደግሞ አስተናግርና አውጥ ከቲማቲም ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ቱታ አብሶሉታ የሚባለውን የቲማቲም ተባይ ያስጠልላሉ። ይህ ተባይ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የቲማቲም ማሳ ሲጸዳ እነሱ ላይ ተደብቆ ይቆያል።
አሉማን ግን ለምን ይነቀላል? ቅጠሉ ይበላል። ትንንሾቹ ቢጫ አበቦችም ለጎመን ይጠቅማሉ። የጎመን ክሽክሽ የሚባሉትን ጥቃቅን ተባዮች የሚበሉና የሚገድሉ ነፍሳት ሲያድጉ የአበባ ማርና ብናኝ ይፈልጋሉ። አበባ ከሌለ አይቆዩም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
እዚህም ይህ ጭቅጭቅ አለ። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሣሩ አጭር እንዲሆን ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን የሜሪላንድ ክልል ሕግ አወጣ። ማኅበራት ንብ ለመሳብ የተዘጋጀን ወይም አገር በቀል ተክል ያለበትን ግቢ ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችሉም። ሕጉ ግን ሰው ዝም ብሎ ግቢውን እንዲጥል አይፈቅድም፣ መንከባከብን ይጠይቃል። ለእናንተም የሚሆን ይመስለኛል።

የሰፈር ኮሚቴ አባል፣ ከሞጆ
የበርሜሉን ነገር ተቀብያለሁ። ግን ማን ይቆጣጠራል? ሁሉም ሰው ቅንጨ አረምን ከሌላው አይለይም። «ሁሉም ይታጨድ» ማለት ቢያንስ ግልጽ ነው።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ከመልካሳ
መለየቱ ከባድ አይደለም ጌታዬ። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አንድ ቅዳሜ ጥሩና ተክሉን በአካል ያሳያችሁ። ደግሞ አስቡት፣ ሁሉ ታጭዶ መሬቱ ባዶ ሲቀር ቀድሞ የሚይዘው ራሱ ቅንጨ አረም ነው። ባዶ መሬት ይወዳል። ሌላ ተክል ጥቅጥቅ ብሎ የያዘበት ቦታ ላይ ይቸገራል።

ጠያቂዋ፣ ከአዳማ
ይህን የመጨረሻውን ነገር ኮሚቴው እንዲሰማው እፈልጋለሁ። እሁድ ስብሰባ አለ። ደንቡ እንዲህ ይባል ልል ነው፦ ቅንጨ አረምና አስተናግር ከየግቢው ይነቀሉ፣ የውሃ ዕቃ ሁሉ ይከደን፣ መግቢያና ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ይታጨድ፣ የቀረውን ባለቤቱ ይወስን። የምትጨምሩት ካለ እስከ ቅዳሜ ጻፉልኝ።

ንብ አርቢ፣ ከደሴ
አንድ ነገር ጨምሪ። አበባ ላይ መድኃኒት በጠዋት አይረጭ። የግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን።