ለልጄ ወጥ የሚያስተምር የምግብ መጽሐፍ ጠቁሙኝ

የአሌክሳንድሪያው አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ሽሮና ምስር ወጥ ለምዳለች፤ አሁን ደግሞ ዶሮ ወጥ ካልሠራሁ ብላ ይዛኛለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስለማታነብ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይሁንልኝ። እኔ እንቁላል ከመጥበስ ያለፈ ሙያ የለኝም፤ እናቷ የሌሊት ተረኛ ናት። አንድ ብቻ ግዛ ብትባሉ የቱን ትገዛላችሁ?

ቁሌት፦
ወንድሜ፣ ልጅህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ለድግስ ምግብ በመሥራት ነው የምተዳደረው፤ መጽሐፎቼን ሁሉ በርበሬ ነክቷቸዋል። አዲስ የምግብ መጽሐፍ እጄ ሲገባ በቀጥታ የምገልጠው የዶሮ ወጡን ገጽ ነው፤ እዚያም የማየው የሽንኩርቱን ነገር ብቻ ነው። «በዘይት አምስት ደቂቃ ጥበስ» ካለ ዘግቼ አስቀምጠዋለሁ። ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው በደረቁ መቁላላት አለበት፤ ድስቱን ሊይዝ ሲል ጠብ እያደረጉ ውሃ፣ ማማሰል፣ እንደገና ውሃ። ቀልጦ ቡናማ እስኪሆን ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ቅቤው፣ ከዚያ በርበሬው፤ በርበሬውም ጥሬ ሽታው እስኪለቅ በደንብ መብሰል አለበት። ዶሮው የሚገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ መከለሻው ሊወጣ ሲል ይነሰነሳል።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ምርጫዬ የዳንኤል ጆቴ መስፍን «ኤግዞቲክ ኢትዮጵያን ኩኪንግ» ነው። መጀመሪያ የታተመው በ1987 እዚሁ እናንተ አገር ቨርጂኒያ ነው (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። የተሻሻለው እትም 178 የምግብ ዓይነቶች ይዟል፤ መጨረሻው ላይ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ሁሉ አለው። ለዓይን አይስብም፤ ለወጥ ቤት ግን ይሠራል። የሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ መጽሐፍ በ2018 ለንደን የታተመ ሲሆን ፎቶግራፎቹ ያስጎመጃሉ። ሰውየው ሊዮን ተምሮ የመጣ ባለሙያ ነው፤ ስለየአካባቢው ምግብ የሚያወራውም ደስ ይላል። ለልደት ስጦታ እሱን ግዛላት፤ ለድስቱ ግን የመጀመሪያውን።

ደቂቃ ላይ ግን አትጣሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምስሩ እዚያ ይንገታገታል፣ እዚህ ግን ቶሎ ይፈርሳል። አክስቷ በስልክ የምትነግራትና መጽሐፉ የሚለው ካልተገናኙ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጾመኛው፦
እኔ በዶሮው መጀመሩ አልተዋጠልኝም። በእኛ ቤት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው፤ ልጅቷ የምታበስለው አብዛኛውን ጊዜ ቅቤ የሌለበትን ነው። «ጤፍ ላቭ» የሚባል በ2015 የወጣ አለ፤ ኪቲ በርንስ የምትባል አሜሪካዊት የጻፈችው፣ ከዳር እስከ ዳር የጾም ነው። ፈረንጅ ጻፈችው ብላችሁ አትናቁት። የእኛ ሰው «ይህንማ ማን ያጣዋል» ብሎ የሚዘለውን እሷ አታልፈውም፤ ለጀማሪ የሚበጀውም ይኸው ነው።

ቁሌት፦
ይሁን፣ አልቃወምም። ግን ልጅቷ ዶሮ ነው ያለችው!

የሐረሯ፦
መጽሐፉ የቱም ይሁን የት፣ በርበሬያችሁን ቅመሱ። ቤት የተደለዘው ብዙውን ጊዜ ጨው አለው፤ ከሱቅ የተገዛው አንዳንዱ የለውም። መጽሐፉ «አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው» ሲል የእናንተን በርበሬ አያውቅም። ጨውን ከመከለሻው ጋር መጨረሻ ላይ ማስተካከል ይሻላል።

የአሌክሳንድሪያው አባት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የዳንኤልን አዝዣለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጄ ሽንኩርቱን በማሽን ልፍጨው ትላለች። ይሆናል?

ቁሌት፦
ይሆናል፤ ነገር ግን እንደ ጭማቂ አታድቅቀው፤ ነካ ነካ አድርጋ ታቁም። የፈረንጅ ሽንኩርት ከአገር ቤቱ ይልቅ ውሃ ይበዛዋል፤ ውሃው እስኪመጥ እሳቱ ላይ ብዙ ያቆያታል። ከታች ወፍራም የሆነ ድስት ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ግዙ። ያን ጊዜ እኔንም ጥሩኝ።