መጠለያ ውስጥ ላሉ ልጆች የበዓል ስጦታ፦ ምን ይገዛ? እንዴት ይድረስ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አዋጥተን፣ ከቤት ውስጥ ጥቃት ሸሽተው ከእናቶቻቸው ጋር በመጠለያ ላሉ ልጆች የበዓል ስጦታ ልንገዛ ነው። ከ2 እስከ 16 ዓመት ናቸው መባሉን ብቻ ነው የምናውቀው። ምን ይሻላል? ጠቅልለን ራሳችን ብንወስድላቸውስ?

የመጠለያ ሠራተኛ፦
አትጠቅልሉት። ሳይፈተሽ ለልጅ የሚሰጥ ዕቃ ስለሌለ ሠራተኞቹ መጠቅለያውን ይከፍቱታል። መጠቅለያ ወረቀቱን፣ ፕላስተሩንና መቀሱን ለብቻ ላኩ፤ እናቶቹ መርጠው፣ ጠቅልለው፣ በእጃቸው ይስጡ።
መጠለያው የት እንዳለ ደግሞ አትጠይቁ፣ ሚስጥር ነው። ድርጅቱ ጋ ደውላችሁ የት እንደሚረከቧችሁ ይንገሯችሁ። ፎቶ ካነሳችሁ ሰው፣ በርና ታርጋ አይታይ። ከበዓሉ 3 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብታስረክቡ ለማከፋፈል ይመቻል።

ስጦታ አስተባባሪ፦
ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝር ተቀበሉ፦ ዕድሜ፣ የልብስና የጫማ ቁጥር፣ የሚወዱት ነገር። ስም አያስፈልግም፤ በሚላጥ ወረቀት «ሴት፣ 9» ብሎ መለጠፍ ይበቃል። የትንንሾቹ አሻንጉሊት ሁሌም ይተርፋል፣ ከ12 ዓመት በላይ ያሉት ግን ይረሳሉ። ለእነሱ የጀርባ ቦርሳ፣ ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ፣ ኳስ ወይም የስጦታ ካርድ (ገንዘቡ ቀድሞ የተከፈለበት፣ ከሱቅ ዕቃ የሚገዛበት ካርድ) ይሁን። ካርዱ ሲገዛ ሻጩ አገልግሎቱን ካላስጀመረው ሱቅ ላይ አይሠራምና ደረሰኙን አያይዙ። ወንድምና እህት ከሆኑ የስጦታቸው ብዛት እኩል ይሁን፣ ልጆች ይቆጥራሉ!

ሌላ አባል፦
የማይገዛውን ልጨምር። የአሻንጉሊት ሽጉጥ በፍጹም። ጂፒኤስ ወይም ካሜራ ያለው፣ ከኢንተርኔት የሚገናኝ ሰዓትና አሻንጉሊትም ይቅር፤ ጥቃት አድራሹ ያሉበትን ሊደርስበት ይችላል። የሚጮህ ነገር ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ቤት ውስጥ ለሁሉም ራስ ምታት ነው።
ለ2 ዓመቱ፣ በሽንት ቤት ወረቀት ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ክፍል ያለበትን አትግዙ፣ ጉሮሮ ይዘጋል። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር ይሁን። ክብና ጠፍጣፋዋ ትንሽ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ታቃጥላለች።

ጠያቂ፦
ተረድቻለሁ። ታጥበው የተቀመጡ የጨርቅ አሻንጉሊቶችም አሉን፣ ይጨመሩ?

የመጠለያ ሠራተኛ፦
ብዙ መጠለያዎች ትኋን ስለሚፈሩ አዲስ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ትልልቁን ድብ አዲስም ቢሆን ተዉት፤ ቤተሰቡ ሲወጣ በሻንጣ አይገባም። ገንዘብ ከተረፋችሁ ዕድሜ የተጻፈበት 4 ወይም 5 ተጨማሪ ስጦታ አስቀምጡ፤ በዋዜማው ማታ የሚገቡ ልጆች አሉ፣ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ የሉም።