አስቸኳይ፦ የጣሪያው መስኖ ቆሟል፣ ኤሲው አላርፍ ብሏል

ላይኛው ፎቅ፦ እባካችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ! አረንጓዴው (አፈርና ተክል ያለበት) ጣሪያችን ላይ ያለው የጠብታ መስኖ ከቆመ 4 ቀኑ። ውሃውን በሰዓቱ የሚከፍተው ታይመር ሰዓት ያሳያል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም። አፈሩ ደርቆ ከጠርዙ ለቋል፣ ጣት ያስገባል። ከሥሩ ያለነው እየተጠበስን ነው። ኤሲው ሌሊትም አያርፍ። አሁን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጎማ ላጠጣው?

የቧንቧ ሰው፦ ማጣሪያውን እጠበው።

መምህሩ፦ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ። 1 ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያ ሁሉ ግን ከቆጣሪህ አይቀነስም፤ አብዛኛው ሙቀት ከፀሐይና ከአየሩ የመጣ ነው፣ ቤት ሊገባ የነበረው ጥቂቱ ነው። ደግሞ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይበልጥ ሙቀት ያሳልፋል። በብርድ ወራት ካጠጣህ የማሞቂያ ወጪህን ልትጨምር ትችላለህ።

ሳቂታው፦ ትምህርቱን ሳነብ እኔም ተነንኩ። ጎማውን ከያዝክ አይቀር ራስህ ላይም አፍስስ። ለማንኛውም የታይመሩን ባትሪ ቀይር። ስክሪኑ በትንሽ ኃይል ይበራል፣ ደካማ ባትሪ ግን ቫልቩን (የውሃውን መክፈቻ) አይከፍትም። እኔንም ሸውዶኛል።

ተጠራጣሪ፦ ጥፋቱ የመስኖው ነው ያለው ማነው? ከአፈሩ ሥር ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ፎም ካለ፣ ደረቀ ረጠበ ቤት ውስጥ እምብዛም አይታወቅም። የኤሲውን ማጣሪያ መቼ አጸዳህ?

ላይኛው ፎቅ፦ ባለፈው ወር። ፎም የሚባል የለም፣ አሮጌ ቤት ነው። ኮንክሪት፣ ከላይ 10 ሴንቲ አፈር።

የቧንቧ ሰው፦ ማጣሪያውን እጠበው አልኩ እኮ። የመስኖውን!

ጣሪያ ላይ የዋልኩ፦ ይሄን መጀመሪያ አትናገርም ነበር? ፎም ከሌለማ ልዩነቱ ይታወቃል። ግን በቀትር አትልፋ፣ ጎህ ሲቀድ አጠጣ። ክው ብሎ የደረቀ አፈር ውሃ ቶሎ አይቀበልም፤ በዚያ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ወደ አሸንዳው ነው የሚሄደው። ትንሽ አርጥብ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይ፣ ድገም። ኮንክሪቱ የያዘውን ሙቀት እስኪለቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ዛሬውኑ ቅዝቃዜ አትጠብቅ። ወበቅ ከሆነ ትነቱም ይቀንሳል። ተክሉ ሴደም (ቅጠሉ ውሃ የሚቋጥር አጭር ተክል) ነው? እሱ ድርቅ ላይ ቀን ቀን ትንፋሹን ዘግቶ ይውላል። ቶሎ አይሞትብህም፣ ብዙም አያቀዘቅዝልህም።

ላይኛው ፎቅ፦ የመስኖው ማጣሪያ ንጹህ ነው። ባትሪ ልገዛ ወጣሁ።

ሳቂታው፦ ለኔም አንድ ጥንድ።

አዲስ ገቢ፦ ላይኛው ፎቅ፣ ሠራልህ? የኔም ዛሬ ቆሟል።