«ያውቃሉ?» ይቅርና «ያሳዩኝ» እንበል፦ የክረምቱ ጥናት የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን እስከ ሐሙስ መጨረስ አለብን። የጅማ ሰው ለጎርፍና ለእሳት ምን ያህል እንደተዘጋጀ ከክረምቱ በፊት እንለካለን ብለናል። አሁን 30 ጥያቄ አለ፤ አብዛኛው «ስለ አደጋ መከላከል ያውቃሉ?» የሚል ነው። ተቹት።

ነርሷ፦ እህቴ፣ አትቀየሚኝና በዚህ አጠያየቅ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። እንግዳ ቤት ገብቶ፣ ቡና እየተፈላ፣ «አላውቅም» የሚል ማን ነው? የምንለካው ይሉኝታን ይሆናል። በጤና ጥናት ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር ለየብቻ የሚጠየቁት ለዚህ ነው። እጅ መታጠብ እንደሚገባ የማያውቅ የለም፤ መታጠቢያው ጋ ሳሙና አለ ወይ ሲባል ነው ነገሩ የሚለየው። ስለዚህ «የመብራት ቆጣሪው የት ነው? ያሳዩኝ» እንበል። «ማታ በሩ ሲቆለፍ ቁልፉ የት ይቀመጣል? አምጡልኝ» እንበልና ጠያቂው ሰዓት ይያዝ።

ባጃጅ ነጂው፦ እኔ የተከራየሁበት ግቢ 6 ቤት አለው። ቆጣሪው ያለው አከራያችን ሳሎን ውስጥ ነው፤ እሳቸው ገጠር ሲሄዱ ሳሎኑ ይቆለፋል። የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ላጠፋው ግን አልችልም። እንደኔ ያለው ስንት ያገኛል?

ነርሷ፦ ጥሩ አነሳህ። «ያውቃል፣ ግን አይደርስበትም» የሚል የራሱ ሳጥን ይኑረው። ከ«አያውቅም» ጋር ከደባለቅነው በኋላ ትምህርት እንስጥ ብለን እንደክማለን፤ ችግሩ ደግሞ ትምህርት አይደለም።

ተማሪው፦ ናሙናው 384 ቤት ይሁን። የተለመደው ስሌት ነው፤ 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ ስህተት።

የእድሩ ዳኛ፦ ልጆች፣ ለምን ትደክማላችሁ? የእድሮቹ መዝገብ አለ። ከእሱ ላይ ቆንጥራችሁ ውሰዱ።

ባጃጅ ነጂው፦ ሐጂ፣ በአክብሮት ነው፤ እድር ውስጥ ያለነው እኮ የከረምነው ነን። አዌቱ ወንዝ ዳር ያለው አብዛኛው ተከራይ ነው፣ ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛ። መዝገብ ላይ የለም። ውሃው ግን መጀመሪያ የሚገባው እሱ ቤት ነው።

ተማሪው፦ እውነቱን ነው። እኔም አንድ ነገር ዘልያለሁ። 384 የሚበቃው ሰዉ ከመላ ከተማው እንደ ሎተሪ አንድ በአንድ ሲወጣ ነው። እኛ የምንሄደው በጎጥ ነው፤ የአንድ ጎጥ ቤቶች ደግሞ ይመሳሰላሉ። እጥፍ እንዳናደርገው አቅም የለንም። ቢያንስ 12 ጎጥ ላይ 32 ቤት ከማንኳኳት 32 ጎጥ ላይ 12 ቤት ብናንኳኳ ይሻላል፤ ከስህተቱ ብዙው ይቀንሳል። በር በር እየቆጠርን፣ ተከራይም ባለቤትም ሳንለይ። 16 ጠያቂ በቀን 6 ቤት ቢያዳርስ በ4 ቀን ያልቃል።

ነጋዴዋ፦ በ4 ቀን ይለቅ፣ ግን ከሰዓት በኋላ አትሂዱ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ጎርፉን ብቻውን ነው የሚያቆመው! ጠዋት ሂዱ። ደግሞ ገና በሩ ላይ «እርዳታ ምዝገባ አይደለም» በሉ፤ አለዚያ ሁሉም ምንም የለኝም ይላችኋል። የቦዩን ጥያቄም ቀይሩት። «ቦዩን ያጸዳሉ?» አይባልም። ከደጃፉ አንስታችሁ 10 እርምጃ ሂዱና እዩት። እኛ ጋ ያለውን ላሳያችሁ፦ ታች ፌስታል፣ ከላዩ ጫት የተጠቀለለበት ኮባ፣ ከላዩ ጭቃ። ኮባው ሲርስ እንደ ክዳን ነው የሚገጥመው።

ጸሐፊዋ፦ ቦዩ በዓይን ይታያል፤ ገብቷል። አደጋ ሲደርስ የሚደወልበት ስልክ ቁጥርስ?

ተማሪው፦ አብዛኛው ሰው 939 የሚል ይመስለኛል፣ ቴሌቪዥን ላይ የሰማው እሱን ነው። 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ነው። እዚህ የሚያነሳው ማን እንደሆነ መጀመሪያ እኛው ደውለን እናረጋግጥ። መልሱን ሳናውቅ ሰው ማረም አይሆንም።

ነርሷ፦ አንድ ጥያቄ ደግሞ ከጎፋ። በሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ ብዙ ሰው ያለቀው በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረብ ሁለተኛው ናዳ ወርዶበት ነው። ስለዚህ «ጎረቤትዎ ላይ አፈር ቢናድ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» ብለን እንጠይቅ። የእኛ ሰው «ሮጬ እደርሳለሁ» ነው የሚለው። ዜሮ እንዳትሰጡት! ቃሉን እንዳለ ጻፉት፣ ነጥብ አይኑረው።

ጸሐፊዋ፦ ተስማምተናል። 30ው ወደ 14 ወርዷል። አፋን ኦሮሞውን አንድ ሰው ይተርጉም፣ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፣ ከዚያ እናስተያያለን። ፎርም ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሞላ ጠያቂ ገጥሞኝ ያውቃል፤ ስለዚህ ከ10 ቤት አንዱን እኔ ተመልሼ አንኳኳለሁ።

የእድሩ ዳኛ፦ አሁን የቁልፏን ጥያቄ ቤቴ ሞከርኳት። ልጄ ሰዓት ያዘች። ትራስ ስር ነው አልኩ፣ የለም። ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው አልኩ፣ የለም። 9 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ለካ በሩ ላይ ተሰክታለች፣ በውጭ በኩል። እኔን ናሙናው ውስጥ አታስገቡኝ።